የቁልፍ ቆርቆሮዋ

ልጄ፣

የላክህልኝን ስክሪፕት በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። በማግስቱ እርሳስ ይዤ ገጽ በገጽ ተመለስኩበት፣ ስድስቱንም ክፍል። «እማዬ፣ ሳትራሪልኝ ንገሪኝ» ብለህ ጽፈሃል፤ ስለ መርማሪው፣ ስለ ሱሱ፣ ስለ ሁለተኛው ስሙ። እነግርሃለሁ። ግን 44ኛው ገጽ ላይ ያለችውን እናት ዘልዬ ስለ ሌላው ባወራ ዋሸሁህ ማለት ነው። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

መርማሪው ልጅነቱን ሲያስታውስ እናቱ በሌሊት መብራት ሥር ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። የቆርቆሮዋ ክዳን ይከፈታል፣ ቁልፎቹ ይንሿሿሉ፣ ልጁ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከላይ እስከ ታች በጨለመው ድራማህ ውስጥ ንጹሕ ብለህ ያስቀመጥከው ይህንን ብቻ ነው። ከየት እንዳመጣኸው ወዲያው ነው ያወቅሁት። ያቺ ቆርቆሮ የኔ ናት።

በእነዚያ ሌሊቶች ቁልፍ አልተክልም ነበር።

አባትህ በታመመባቸው የመጨረሻ ወራት ሐኪሞቹ ለካንሰሩ ሕመም ሞርፊን አዘውለት ነበር። ለእሱ መድኃኒት ነበር። መጨረሻ ላይ አንተን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ማጫወት የቻለው በዚያ ክኒን ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በድራማህ ሞርፊን ከመነሻው ሰይጣን ሆኖ ስለሚገባ ነው። ሲሞት የተረፈው መሳቢያው ውስጥ ቀረ። ወደ ፋርማሲ መመለስ ነበረብኝ፤ አልመለስኩም። ለመዋጥ ብዬ አልነበረም ያስቀረሁት። መነጽሩን፣ ሰዓቱን፣ ምላጩን መጣል ያቃተኝ ሴት ያንንም መጣል አቃተኝ። ከዚያ እንቅልፍ በከዳኝ አንድ ሌሊት አንዷን አወጣሁ። እሱ የዋጠውን ስውጥ ወደ እሱ የተጠጋሁ መሰለኝ።

ያን ሌሊት ተኛሁ። ሐዘኑ አልጠፋም፤ በግድግዳ ወዲያ እንደሚሰማ የጎረቤት ወሬ ራቀልኝ። መርማሪህ ሚስቱን ቀብሮ ሲመለስ የሚወስደው ለመደሰት ነው፣ ፊቱም እንደዚያ ይላል ብለህ ጽፈሃል። እኔ የፈለግሁት ደስታ አልነበረም። የፈለግሁት ለሦስት ሰዓት ያህል ማንም እንዳልሞተብኝ መሆን ነው። ተዋናዩ ይህን ካወቀ ፊቱ ሌላ ይሆናል።

ሰውነት ይለምዳል። ከሳምንታት በኋላ አንዷ ስላልበቃችኝ ሁለት አደረግኋት፣ ቆየት ብሎ ሦስት። ፎይሉ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ እንዳይቀሰቅስህ፣ አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ ክኒኖቹን እያወጣሁ በቁልፎቹ መካከል ደበቅኋቸው። ነጭ ክኒንና ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ በደብዛዛ መብራት አይለዩም። በጣት ግን ይለያሉ፣ ቁልፍ ቀዳዳ አለው። አንተን እንቅልፍ ይወስድህ የነበረው እኔ ቀዳዳ የሌለውን በጣቴ ስፈልግ ነው።

የተረፈው ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ቀኑ ሳይሞላ ማዛጋት ጀመረኝ። አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ የክንዴ ጸጉር ቆመ፣ ሆዴ ተገለበጠ፣ እግሬ አልጋ ላይ አልረጋ አለኝ። ዓይኔ ያለማቋረጥ ሲያነባ ያየኝ ሁሉ አዘነልኝ። «ሐዘኑ ገና አልወጣላትም» አሉ። አክስትህ አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። እኔ በዚያች ሰዓት አባትህን አላሰብኩትም ነበር። የማስበው ክኒኑን ነበር። ልጄ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ ይህን መጻፍ ነው።

አራተኛው ክፍል ላይ መርማሪህ በሆቴል መታጠቢያ ቤት አንድ ሌሊት ሲያልበው አድሮ፣ ሲነጋ ተላጭቶ ገዳዩን ያሳድዳል። እንዲህ አይሆንም። እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉት ላይ ሕመሙ ከመጨረሻው መጠን በኋላ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና ከ4 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ያለ ሰው ደረጃ መውጣት ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። ባልደረባው ደግሞ ከብዙ ዓመት መጠጥ በኋላ ራሱን ክፍል ቆልፎ ብቻውን በጀግንነት ያቆማል። ይህን ገጽ እባክህ አውጣው። ሞርፊንን ማቆም ሲያሠቃይ ብዙውን ጊዜ አይገድልም። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጠው፣ ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላም ሊያስቃዠውና ሊገድለው ይችላል። በሐኪም ዓይን ሥር ነው የሚቆመው። ድራማህን አይቶ በሩን ቆልፎ የሚሞክር ሰው ሊኖር ይችላል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ለአንተ ዓይነቱ ሥራ የሚጠቅም ይመስለኛል። መርማሪው ሲወስድ የዓይኑ ብሌን «ይሰፋል» ብለሃል። ሞርፊን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፣ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል። የሚሰፋው መድኃኒቱ ሲጎድል ነው። አስበው እንግዲህ፤ ድራማህ ሁሉ በጨለማ ነው የሚሄደው፣ በጨለማ የሰው ሁሉ ብሌን ይሰፋል፣ የእሱ ብቻ ጠቦ ይቀራል። ካሜራው አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠጋው ከምርመራ ክፍሉ አራት ገጽ ንግግር ይበልጣል። እኔ በዚያን ጊዜ ሰው ፊት ዓይኔን ወደ መሬት የማቀረቅረው ለዚህ ነበር። እነሱ ጨዋነት አሉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስም ልምጣ። ድራማህ የቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ።

መርማሪህ ባርኔጣ ይቀይራል፣ ድምፁን ያወፍራል፣ መስታወት ፊት ቆሞ ሌላውን ሰው ይመስላል። የኔ ሁለተኛ ስም የአያትህ ስም ነበር። በአንዱ ክሊኒክ በራሴ ስም ወገቤን ታመምኩ፤ ማንነቴን የሚያረጋግጥ ወረቀት በማይጠይቀኝ በሌላው በሟች እናቴ ስም ማጅራቴን። ወንጀል ነበር፤ እንደ ወንጀልም አውቀው ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ አላውቅም። የነበረኝ ደብተር ነው፣ ለማን ምን እንዳልኩ፣ በየትኛው ቀን እንደሄድኩ፣ ስንት እንደቀረኝ። ሁለት ሰው ሆኖ መኖር እንደ ሒሳብ ሠራተኛ መኖር ነው። ድካሙ ከዋሾነቱ በፊት ይገድላል። አንድ ቀን የትኛው ክሊኒክ እንደገባሁ ጠፍቶብኝ በር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ፣ ወገቤን ልያዝ ወይስ አንገቴን እያልኩ። መርማሪህን ከመስታወቱ አንሳና ደብተር ስጠው።

ሁለት መሆኑ ግን ከክኒኑ በፊት ነው የጀመረው። የሐዘኑን ነገር በአምስት ደረጃ ከፍለህ በየክፍሉ አንዳንድ አድለኸዋል፤ መካድ፣ ቁጣ፣ መደራደር እያልክ። ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ በፈረንጆቹ 1969 ያንን የጻፈችው ሊሞቱ የቀረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው። ለቀሩት ሰዎች ሐዘን መሰላል የሆነው በኋላ ነው። ሐዘንን የሚያጠኑት ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በፈረንጆቹ 1999 የጻፉት ግን እኔ ያየሁትን ነው የሚመስለው። ሐዘንተኛ ሰው ይመላለሳል፤ አንዴ ወደ ሞተው ዞሮ ያለቅሳል፣ አንዴ ወደ ቀረው ኑሮ ዞሮ ሂሳቡን ይከፍላል፣ ልጁን ያጥባል። መመላለሱ ራሱ ጤና ነው ይላሉ። አባትህ በሞተ ሰሞን እኔም እንዲሁ ነበርኩ፤ ቀን የቤት ሥራህን የምታሠራህ ሴት፣ ሌሊት ሌላ። በሁለቱ መካከል ያለው በር ክፍት ነበር። ክኒኑ ያደረገው በሩን መዝጋት ነው። የምታለቅሰዋ ሴት ወዲያ ቀረች፣ ወዲህ የቀረችው ስለ እሷ የምትዋሽ ሆነች። መርማሪህም ሁለት ሰው የሆነው ፖሊስ ስለሆነ ሳይሆን ሚስቱን ሳያለቅሳት ስለቀረ ነው ብዬ አምናለሁ። አንተ ራስህ ይህን ሁለተኛው ክፍል ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነክተህ ትተኸዋል። ተመለስባት።

እንዴት እንደተያዝኩ አታስታውስም። 8 ዓመትህ ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ፋርማሲ ይዤህ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ከመስኮቱ ወዲያ ሆና ማዘዣው ላይ ያለውን ስም ጠራች። ተነሣሁ። አንተ ቀሚሴን ይዘህ «እማዬ፣ አያቴን እኮ ነው የጠሩት» አልክ። ዝም አልኩህ። «አያቴ እኮ ሞታለች» አልክ፣ በዚያ በጠራ ድምፅህ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪሰማ።

ፋርማሲስቷ እጇን ከመድኃኒቱ ላይ አነሣች። ማዘዣውን አየች፣ እኔን አየች፣ አንተን አየች። መድኃኒቱን ከጠረጴዛው በታች መልሳ «ልጁን እዚያ ያስቀምጡትና በዚህ በኩል ይምጡ» አለችኝ። ፖሊስ ልትጠራ ትችል ነበር። መደርደሪያዎቹ መካከል አቁማኝ፣ እርስዎ ስትለኝ የነበረችው ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ከሞተ ጀምሮ» አልኳት። ማን እንደሞተ አልጠየቀችኝም። የሕክምናውን ቦታ በወረቀት ጻፈችልኝ፣ እዚያው ፊቷ ቆሜም እንድደውል አደረገችኝ። አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እግርህን ታወዛውዝ ነበር።

ቡፕረኖርፊን ጀመሩልኝ፤ ከምላስ ሥር የሚሟሟ ክኒን ነው። ድራማህ ውስጥ ያለው ሐኪም «ሱስን በሱስ መተካት» ይለዋል፣ ብዙ ሰውም እንዲህ ይላል። እኔ በእሱ ነው ቆሜ ያሳደግሁህ። ሕመሙን ያዘልኝ፣ ደብተሩን ጣልኩ፣ አንድ ስም ቀረኝ።

ከሁሉ ያመንኩት አምስተኛው ክፍል ላይ የወጣቱን መረጃ አቀባይ አሟሟት ነው። ከወራት እስር ወጥቶ የድሮውን መጠን ይወስዳል። ሰውነቱ ግን መልመዱን ረስቷል። ብዙ ሰው የሚሞተው እንዲሁ ነው፤ ከእስር ወይም ከሕክምና በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። ትንፋሹ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ይቆማል። አብሮት ያለው ሰው የተኛ ይመስለዋል፣ ያንኮራፋል ብሎ ይተወዋል። ይህን በትክክል ጽፈኸዋል፤ ከማን እንደሰማኸው ባላውቅም አነበብኩትና ስክሪፕቱን ዘጋሁት። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ከፈረንጆቹ 1971 ጀምሮ በሐኪሞች እጅ ያለ መድኃኒት ነው፣ ቶሎ ከደረሰ ትንፋሹን ይመልሰዋል። ባልደረባው መኪናው ውስጥ ቢኖረውና ባይደርስ፣ ወይም ቢደርስ፣ የአንተ ምርጫ ነው። መኖሩን ግን ተመልካቹ ይወቅ።

መጨረሻውን በተመለከተ «ኑዋር ስለሆነ መሞት አለበት» ብለሃል። እኔም አንብቤያለሁ። የፈረንሳይ ፊልም ሐያሲው ኒኖ ፍራንክ በፈረንጆቹ 1946 ለእነዚያ የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች ኑዋር፣ ማለትም ጥቁር፣ የሚለውን ስም ሲያወጣላቸው፣ ፊልሞቹ የተሠሩት ሆሊዉድ ከ1934 ጀምሮ አጥብቆ ባስከበረው ደንብ ሥር ነው። ወንጀለኛ ሳይቀጣ አይወጣም ነበር። የዕፅ ሱስን ማሳየትም ደንቡ በ1956 እስኪላላ ድረስ ክልክል ነበር። ለጥላውና ለተስፋ መቁረጡ እነዚያ ሰዎች ራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፣ ከዳይሬክተሮቹ በርካታዎቹ ከናዚ ሸሽተው የመጡ ናቸው። ሞቱን ግን በከፊል የጻፈላቸው ደንቡ ነው። አንተን ማንም አላሰረህም። ይዳን አልልህም። ይኑርና በማግስቱ ይነሣ፣ ሚስቱ እንደሞተች ሆና፣ ክኒንም ሳይኖር። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ መጨረሻ እኔ አላውቅም፣ ኖሬዋለሁ።

ሕክምናውን በጀመርኩ በአምስተኛው ወር፣ አባትህ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ግራጫ ካፖርቱን ለአጎትህ ልሰጥ አወጣሁት። መካከለኛው ቁልፍ በክሩ ተንጠልጥሏል። ሌሊት ነበር፣ መብራቱን አብርቼ ቆርቆሮዋን ከፈትኩ፣ መርፌና ክር አወጣሁ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ወግቼ ሦስተኛው ላይ እንባዬ መጣ፣ ያ የድሮው የአፍንጫና የዓይን ውኃ ሳይሆን የሱ የራሱ እንባ። እስኪነጋ አለቀስኩት። ካፖርቱን አልሰጠሁትም። አንተ አልነቃህም።

ስለዚህ 44ኛው ገጽ አንድ ሌሊት እውነት ነበር። ልትተወው ትችላለህ፤ የነገርኩህንም ሁሉ ከፈለግህ ተጠቀምበት፣ ፈቅጄልሃለሁ። ፋርማሲስቷን ብቻ ክፉ እንዳታደርጋት።

ቆርቆሮዋ አሁንም ከመስፊያው አጠገብ ናት። ስትመጣ ክዳኗን ራስህ ክፈተው፣ እጅህንም እስከ ታች አስገባ።

እናትህ