የጎልድፊሽ ወንድና ሴት በቀለም አይለዩም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጎልድፊሽ አያያዝ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአማርኛ እምብዛም የማይጻፍበትን ጉዳይ ለአንባቢ ማቅረባችሁ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ወንዱ ደማቅና ግዙፍ፣ ሴቷ ደግሞ ፈዘዝ ያለችና አነስተኛ እንደሆነች የሚገልጸው አንቀጽ ትክክል ስላልሆነና በዚህ ተመርቶ ዓሣ የሚገዛ ወይም የሚያክም ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ይህን ማረሚያ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በደሴ ከተማ ባለችኝ አነስተኛ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከባንኮኒው አጠገብ በተቀመጠ የመስታወት ገንዳ፣ ጎልድፊሽ ማርባት ከጀመርኩ 8 ዓመት ሆኖኛል። ደንበኞቼ ሻያቸውን እየጠጡ ወንዱ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ መልሱን ሳይጠብቁም ብዙውን ጊዜ ቀይነቱ የበረታውን ያመለክቱኛል። ግምታቸው አይገርመኝም፤ አውራ ዶሮ ከሴቷ ይልቅ በላባው እንደሚያምር እያየን ያደግን ሰዎች ነን። የጎልድፊሽ ቀለም ግን ቻይናውያን ከ1,000 ዓመት በላይ እየመረጡ በማዳቀል ያወጡት በመሆኑ፣ ወንዱም ሴቷም እኩል ይወርሱታል። ጫጩቶቹም ሲፈለፈሉ ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ወርቃማው መልክ የሚመጣው ካደጉ በኋላ ነው፤ ቀደም ብሎ የደመቀው ዓሣ ሁሉ ወንድ ነው ማለት አይደለም።

የግዝፈቱም ነገር እንዲሁ ነው። በደሴ አቅራቢያ በሚገኘው በሐይቅ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) የሚያሰግር ሰው ወንዱ ፈጥኖ እንደሚገዝፍ ቢነግራችሁ እውነቱን ነው፤ የቆሮሶ ሴት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ በዚያ ወቅት እንደልቧ አትመገብም፤ ጉልበቷም ወደ እንቁላል ይሄዳል። ጎልድፊሽ ግን ጫጩት አይጠብቅም፤ እንዲያውም ካልተለየ የገዛ እንቁላሉን ይበላል። እኩያ ከሆኑ ሁለት ጎልድፊሾች ወፍራሟና ሰፊዋ አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ናት። የሐይቁን ልማድ ወደ መስታወቱ ገንዳ ማምጣት ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ይመራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው የወንድ ምልክት በእርባታ ወቅት የሚወጣው ነጫጭ ነጥብ ነው። ዓሣው ዓመት ገደማ ሞልቶት ሲጎለምስ፣ የውኃው ብርድ መለስ ማለት ሲጀምር፣ በስንጥቡ (በመተንፈሻው) ክዳን ላይ፣ ማለትም ጉንጩ ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ጉብታዎች ብቅ ይላሉ። ከክዳኑ ኋላ በግራና በቀኝ ያሉትን የደረት ክንፎች በብርሃን አንጻር ብታዩ፣ በፊተኛው ወፍራም ጠርዝ ላይ እንደ ዶቃ በተርታ የተሰደሩ ነጥቦች ታገኛላችሁ፤ በእርጥብ ጣት ሲዳሰሱ ይሻክራሉ። በእኔ ገንዳ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ በመሆኗና ውኃውንም ስለማላሞቀው፣ ነጥቦቹ የሚወጡት ከየካቲት ወዲህ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ይከስማሉ።

ይህን የማላውቅ በነበርኩበት ጊዜ የደረሰብኝን ልግለጽ። ከ5 ዓመት በፊት ሦስቱ ዓሦቼ ጉንጫቸው ላይ ነጭ ነጥብ አወጡ። ደንግጬ ለሸጠልኝ ነጋዴ ስነግረው የነጭ ነጥብ በሽታ ነው ብሎ ሰማያዊ ፈሳሽ መድኃኒት ሰጠኝ። ነጥቦቹ አልጠፋ ሲሉኝ መጠኑን በእጥፍ ጨመርኩት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሻይ ቤቱን ስከፍት ሁለቱ በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። የተረፈው ሦስተኛው መጋቢት ላይ፣ ነጥቦቹ ጉንጩ ላይ እንዳሉ፣ ሴቷን ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ሆዷን በአፉ እየገፋ ሲያሳድዳት አረፈደ፤ ከሰዓት በኋላ በገንዳው ተክል ላይ ብርጭቆ የመሰሉ ጥቃቅን እንቁላሎች ተጣብቀው ነበር። ያን ጊዜ ነው ያከምኩት ጤነኛ ዓሣ እንደነበረ የገባኝ። ሁለቱን ዛሬም ሳስባቸው ይቆጨኛል።

ስለዚህ የበሽታውና የወንድነቱ ነጥብ ልዩነት በጋዜጣችሁ በግልጽ ቢሰፍር እወዳለሁ። በሽታው በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ ሲሆን፣ ነጥቡ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል በአካሉ፣ በጅራቱና በክንፎቹ ሁሉ ያለ ሥርዓት ይበተናል፤ በቀናት ውስጥ ይበዛል፤ ወደ ሴቶቹም ይዛመታል፤ የታመመው ዓሣ ክንፉን አጥፎ ከድንጋይና ከአሸዋ ጋር ይታከካል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። የወንድነት ነጥብ በአንጻሩ ከስንጥቡ ክዳንና ከደረት ክንፎቹ ጠርዝ ብዙም አያልፍም፤ ዓሣውም ይበላል፣ ይሮጣል።

ሴቷን ለመለየት ከላይ ወደ ታች መመልከት ይረዳል። እንቁላል የያዘች እንደሆነ ሆዷ በአንድ በኩል ጎላ ብሎ ሚዛኑን የሳተ ይመስላል። ከሆዷ በታች ከጅራቷ በፊት ያለው ቀዳዳም ወደ ውጭ ያበጠ ሲሆን፣ የወንዱ ጠበብ ያለና ወደ ውስጥ የገባ ነው። ክብ ሆነው የተዳቀሉት ባለ ሁለት ጅራት ዝርያዎች ግን ወንዱም ሴቷም ድቡልቡል ስለሆኑ ሆድ ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። አንዳንድ ወንድ ነጥቡን ጭራሽ ላያወጣ፣ አልፎ አልፎም ያረጀች ሴት ጥቂት ልታወጣ ትችላለችና፣ አንዱን ምልክት ብቻ ይዞ ከመወሰን ሁለት ሦስቱን ማስተያየት ይሻላል። ዓመት ያልሞላውን ጫጩት ወንድ ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚሸጥ ነጋዴ ግን ሊታመን አይገባውም።

መለየቱ ለጨዋታ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። አንዲት ሴት ከሦስት ወንዶች ጋር በጠባብ ገንዳ ከተዘጋች፣ ሲያሳድዷት ቅርፊቷ እስኪረግፍ ትደክማለች። ሴቶቹ ከወንዶቹ በቁጥር ቢበልጡ መልካም ነው። መራባታቸውን የማይፈልግ ሰው ደግሞ አንዱን ጾታ ብቻ ቢያኖር ከብዙ ችግር ይድናል፤ አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ በመቶዎችና ከዚያም በላይ እንቁላል ትጥላለችና።

ትርፍ የሆነባቸው ሰዎች ወደዚሁ ወደ ሐይቅ ሐይቅ ወስደው ለመልቀቅ ሲያስቡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዳያደርጉት እለምናለሁ። ሐይቁ በዛሬው ጊዜ ወንዝ የማይወጣበት ዝግ ውኃ ነው፤ ጎልድፊሽ ደግሞ ብርድ የሚችል፣ ጭቃ እየቆፈረ ውኃ የሚያደፈርስ፣ የሌላ ዓሣ እንቁላል የሚበላ በመሆኑ፣ አንዴ ከገባ በኋላ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። በቆሮሶው የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ጉዳቱን ይሸከማሉ።

ይህን የምጽፍላችሁ በጥር መጨረሻ ነው። ነጥቦቹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መውጣት ስለሚጀምሩ፣ ማረሚያው ከዚያ በፊት ቢወጣልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ