ቅዳሜ የሞዴል ባቡር ፉርጎዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ

ሰላም ናችሁ ልጆች፣ የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ነን፣ ቡናው ከኔ፣ ፉርጎና ምላጭ ከናንተ። ባለፈው ስለ ፉርጎው እጀታ ያነሳችሁት ልክ ነው፣ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ፕላስቲክ የእውነት እጀታ አይመስልም፣ ስለዚህ በምላጭ ቀስ እያላችሁ ላጩትና በ0.5 ሚሜ መብሻ በስታችሁ ከድሮ የስልክ ገመድ ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን መዳብ አስገቡበት፣ ሞዴላችን 1:87 ስለሆነ (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው) 0.4 ሚሜው በእውነተኛው ባቡር ሲሰላ 3.5 ሴንቲ ገደማ ስለሚሆን ያስኬዳል፣ ከዛ የወፈረ ግን የውሃ ቧንቧ ነው የሚመስለው ሃሃ። አደራ የሱፐር ግሉውን ስራ መስኮት ሳትገጥሙ ጨርሱ! እኔ መስኮቱን ቀድሜ ገጥሜ የማጣበቂያው ትነት ነጭ ጉም ጥሎብኝ አንድ ፉርጎ ሙሉ አበላሽቻለሁ፣ አሁንም ሳየው ያናድደኛል። የለገሃሩን የድሮ ባቡር ለምትሰሩ ደግሞ፣ የሱ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፣ በተለመደው 16.5 ሚሜ የሞዴል ሐዲድ ላይ ካስቀመጣችሁት ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር እግሩን ያንፈራጠጠ ነው የሚመስለው፣ 1 ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሜ ገደማ ስለሆነ 12 ሚሜውን ፈልጉ። ማታ ብርድ ላይ ቀለም አትቀቡ፣ ቶሎ አይደርቅም። የሚቀር ካለ ከወዲሁ ይንገረኝ።