ስለ በለሱ፣ ከአዳማ ለልጄ

ለተወደድሽው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን ያለብሰናል እንጂ ሌላ ያሳሰበን ነገር የለም። ሰሞኑን በስልክ ስናወራ በሐዋሳው ግቢያችሁ በለስ ለመትከል እንደምትፈልጊ፣ ዘሩንም ከሱፐርማርኬት ከገዛሽው የደረቀ የቱርክ በለስ ለማውጣት እንዳሰብሽ ነግረሽኝ ነበር። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ መጻፉን መረጥሁ።

ዘሩን ተዪው። መብቀሉ ይበቅል ይሆናል፤ ነገር ግን ከዘር ከሚወጡት ችግኞች ግማሽ ያህሉ ፍሬያቸው የማይበላ ወንዴ ዛፎች ይሆናሉ። ለደረቅ ፍሬ የሚመረጠው የቱርክ በለስ ደግሞ ፍሬው እንዲበስል ከወንዴው ዛፍ የአበባ ዱቄት ተሸክማ የምትገባ እጅግ ትንሽ ተርብ የሚፈልግ ዓይነት ነው፤ ተርቧ ከሌለች ፍሬውን ገና ለጋ ሳለ ያረግፈዋል። እኛ ግቢ ያለው ያለ ተርብም ያለ ወንዴም ፍሬ የሚይዝ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዛፍ ጠባዩ ሳይለወጥ ለማራባት ደግሞ ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ነው። ይህ ዘዴ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ብታውቂ ትገረሚያለሽ፤ በዮርዳኖስ ሸለቆ ጊልጋል በተባለ ቦታ ከ11,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩና የከሰሉ የበለስ ፍሬዎች ተገኝተው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን ያወጡት ተመራማሪዎች ሰው እህል ማልማት ሳይጀምር በለስን በቅርንጫፍ ያራባ ነበር እስከ ማለት ደርሰዋል። የሚከራከሯቸው ባለሙያዎችም አልጠፉም።

አብዛኛው ሰው አንድ ሳንቲ ሜትር የሚወፍር አጭር ቁራጭ በፕላስቲክ ከረጢት ይተክላል። ችግኝ ለሚሸጥ ሰው ይህ ደግ ነው፤ ከአንድ ዛፍ ብዙ ይወጣለታልና። እኔ የምልክልሽ ግን ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ውፍረቱ አራት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው ጉማጅ ነው። ገበሬዎች ኮርችን ለአጥር ወፍራም ወፍራሙን እየቆረጡ ሲተክሉ አይተሽ ይሆናል፤ አሠራሩ ያው ነው። ወፍራም ጉማጅ ሥር እስኪያወጣ የሚኖርበትን ስንቅ በእንጨቱ ውስጥ ይዞ ይመጣል፤ በቀላሉ አይደርቅም፣ ጥልቅ ስለሚተከልም ላይኛው አፈር ሲደርቅ ከታች እርጥበት ያገኛል። ጉዳቱ እናት ዛፉን ብዙ ማስከፈሉ ነው፤ ስለዚህ የምልከው ሁለት ብቻ ነው።

የምቆርጠው ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ገና ሳያቆጠቁጥ፣ በጥር ወር ነው። የታችኛውን ጫፍ ልክ ከአንጓው ሥር አደርገዋለሁ፤ በአንጓዎቹ መካከል ያለው የእንጨቱ መሃል ለስላሳ በመሆኑ ውኃ ገብቶበት ቶሎ ይበሰብሳል፣ አንጓው ላይ ግን ጠንከር ያለ ነው። መጋዙ ቅርፊቱን እንዳለፈ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል፤ ይህ ወተት ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ለብዙ ጊዜ የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። አንቺም ጫፉን የምታስተካክዪ ከሆነ ጓንት አድርጊ፣ ልጆቹንም አርቂ። የላይኛውን ጫፍ እንዳይደርቅ በሰም እደፍነዋለሁ። ተገልብጦ የተተከለ ጉማጅ ብዙውን ጊዜ ስለማይሳካ፣ ላይና ታቹ እንዳይምታታብሽ በሰም የተደፈነው ወደ ሰማይ መሆኑን አትርሺ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጉድጓዱ ነው። እዚህ አዳማ የሚያስቸግረን ድርቀቱና ነፋሱ ሲሆን፣ እናንተ ዘንድ ለሐይቁ በቀረበው ዝቅተኛ ቦታ ግን የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ሊሆን ይችላል። ሰባ ሳንቲ ሜትር ያህል አስቆፍሪና አንድ ሌሊት ተዪው፤ ጠዋት ውኃ ካቆረ ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ ወይም አፈር አስከምረሽ ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከዪው። ቲማቲም ሲመላለስበት የኖረ መሬትም ይቅርብሽ፤ የበለስን ሥር የሚያሳብጡት ኔማቶዶች የሚባሉ ጥቃቅን የአፈር ትሎች የቲማቲምም ጠላቶች ስለሆኑ በዚያ አፈር ውስጥ ተከማችተው ሊጠብቁ ይችላሉ። አፈሩ ከባድ ከሆነ አሸዋ ወይም ብሎኬት ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ፑሚስ ቀላቅዪ። ፍግ ግን ጉድጓዱ ውስጥ አታስገቢ፤ ሥር የሌለው እንጨት የሚበላው ነገር የለም፣ የሚያተርፈው መበስበስን ነው። ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛውን ቅበሪው፣ አፈሩን በእግርሽ ጠቅጥቂው፣ ነፋስ እያወዛወዘ ለጋውን ሥር እንዳይበጥሰው ከጠንካራ ችካል ጋር እሰሪው፤ ከመሬት በላይ የቀረውንም ቅርፊቱን ፀሐይ እንዳያቃጥለው በውኃ የቀጠነ ኖራ ቀቢው።

የተከልሽ ዕለት በደንብ አጠጪው፤ ከዚያ በኋላ ጣትሽን ወደ አፈሩ ሰድደሽ ደረቅ ሆኖ ካላገኘሽው አትንኪው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ጉማጅ ሥር ሳይኖረው በስንቁ ብቻ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ ባለቤቱም ያዘልኝ ብሎ ደስ ይለውና ውኃውንና ፍጉን ያከታትልበታል። ስንቁ ሲያልቅ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሰውየው ጠማው ብሎ አሁንም ውኃ ይጨምራል፣ ታችኛው ጫፍ በዚህ መካከል ይበሰብሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች አትደሰቺ፣ ጠውልገው ቢረግፉም አታልቅሺ፤ እንጨቱን በጥፍርሽ ጫር ስታደርጊው ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሥር መያዙን የምታውቂው ቡቃያው ሳያቋርጥ ሲረዝምና አዲስ ቅጠል በላይ በላዩ ሲደርብ ነው። እስከዚያ ድረስ ለማየት ብለሽ እንዳትነቅዪው፤ ባለቤትሽንም አደራ በዪው፣ እሱ ነገር መነካካት ይወዳል። በዚህ መሃል ትናንሽ ፍሬዎች ብቅ ቢሉ፣ ቢያሳዝንሽም፣ ቀንጥሺያቸው።

ከጎረቤት ሌላ በለስ ልስጥሽ የሚልሽ ካለ አስቀድመሽ ቅጠሉን ተመልከቺ። ቢጫ ዥንጉርጉር ነጠብጣብ ካለበትና ቅጠሉ ከተጣመመ ሞዛይክ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ከቅርንጫፉ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ መድኃኒትም የለውም።

ጉማጆቹን በእርጥብ ጆንያና በፕላስቲክ ጠቅልዬ በጥር መጨረሻ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ ያኔ የምትተክዪው ከሆነ የመጋቢት ዝናብ ሲመጣ ሥር መስደድ ጀምሮ ይጠብቀዋል። ጉድጓዱን ከዚያ በፊት አስቆፍረሽ ውኃ ማቆር አለማቆሩን በስልክ ንገሪኝ፤ የሚያቁር ከሆነ ረዘም ያለውን ትቼ አጭሩን እቆርጥልሻለሁ።

አባትሽ