አኒሜሽን ለምታሠሩና ለምትሠሩ፦ ድምፁ ይቅደም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በደሴና በኮምቦልቻ የልጆች ተረት በአኒሜሽን የሚያሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ «በሳምንት ይድረስልን» ይላሉ። ኮምፒውተር ስላለ ሥራው ቀላል ይመስላል። ስሌቱን እንይ፦ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ቋሚ ምስል፣ ያልፋል። አንዱ ሥዕል ሁለት ፍሬም እንዲቆይ ቢደረግ እንኳ የአንድ ደቂቃ ተረት 720 ሥዕል ይፈልጋል። ስለዚህ የሚጣል ትዕይንት ካለ ገና በእርሳስ ንድፍ ሳለ ይጣል።

አጥብቀን የምንለምነው ድምፁ ከእንቅስቃሴው እንዲቀድም ነው። ንድፎቹን በተራ ደርድሮ፣ የተቀዳውን ድምፅ ከሥር አስገብቶ አኒማቲክ የሚባለውን ረቂቅ ቪዲዮ መሥራት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ያሰለቸ ትዕይንት ቀለም ስለተቀባ አይድንም።

ለአፍ ቅርጽ የውጭ ሠንጠረዥ መቅዳት አያሻም፤ ፊደላችን ራሱ ሠንጠረዥ ነው። ካዕብና ሳብዕ ከንፈር ያሞጠሙጣሉ፤ ራብዕ አፍ ያስከፍታል፤ ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን ይለጥጣሉ። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ከንፈር ካልገጠመ አይወጡም፤ ፈ የታችኛውን ከንፈር ከላይኛው ጥርስ ጋር ያገናኛል። ስምንት ያህል አፍ ይበቃል። የገጠመው ከንፈር ቢያንስ ሁለት ፍሬም ይቆይ፤ ከድምፁም አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ይቅደም። ያለዚያ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ይጎረብጠዋል።

ጭፈራም እንዲሁ ነው። በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት የተቀዳው ዜማ በደቂቃ 120 ምት ካለው አንዱ ምት ልክ 12 ፍሬም ይይዛል፤ የእስክስታው ትከሻ በዚያ ይቆጠራል።

የገጸ ባሕርይው አካል በየክፍሉ ተለያይቶ ተስሎ በሚንቀሳቀስበት የቁርጥራጭ አኒሜሽን ጋቢና ነጠላ ብዙ ጣጣ አላቸው። ጋቢው ከክንዱ ጋር በአንድ ሌየር (የሥዕል ንብርብር) ከተሳለ ገጸ ባሕርይው እጁን ሲያነሳ ብብቱ ሥር ይቀደዳል። ለብቻው ይሳል፤ የክንዱ መዞሪያም በትክክል ትከሻው ላይ ይተከል።

የጭቃ ቅርጽ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሳችሁ ፎቶ በማንሳት ለምትሠሩ፦ መስኮቱን ጋርዱ፤ የካሜራውን አውቶማቲክ ሁሉ አጥፉ። ፀሐይ በዞረች ቁጥር ጥላው ይዘላል፤ ብርሃኑም ይርገበገባል።

በስሪዲ (በኮምፒውተር በሚሠራው ባለ ሦስት አውታር ምስል) አንዱ ፍሬም ለሬንደር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ እስኪያወጣ፣ 5 ደቂቃ ከፈጀ የ10 ሰከንድ ትዕይንት 20 ሰዓት ይወስዳል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሬንደር ማድረግ ሥራን ለኪሳራ መስጠት ነው። እያንዳንዱ ፍሬም በፒኤንጂ የምስል ፋይል ለየብቻ ይቀመጥ፤ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

በመጨረሻው ኤዲቲንግ የሚቀረው ቀለም ማስተካከል፣ ድምፅ ማመጣጠንና ጽሑፍ ማስገባት ነው። የምታሠሩ ሰዎች ውሉ ላይ 24 ወይስ 25 ፍሬም እንደሆነ ከመጀመሪያው አስጽፉ። በ24 የተሠራው በ25 ሲጫወት ምስሉ በየደቂቃው 2.4 ሰከንድ ያጥራል፤ ድምፁ ባለበት ፍጥነት ከሄደ አምስተኛው ደቂቃ ላይ 12 ሰከንድ ተራርቀዋል።

በአኒሜሽን ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ደሴ