መኪናው በ60 ቀን፣ ሽጉጡስ?

ውድ አዘጋጅ፣

ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ለሚዛወሩ ወገኖች ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የመንጃ ፈቃድ ቅያሪ፣ የመኪና ታርጋ፣ የጤና መድን፣ የአድራሻ ለውጥ፣ ሌላው ቀርቶ ውሻ ያለው ሰው ስለ ክትባት ማድረግ ያለበት ሁሉ ተዘርዝሯል። እጃችሁ ይባረክ። ነገር ግን በስንቱ ቤት ከቁም ሣጥን አናት ላይ ተሸሽጎ ስለሚቀመጠው ዕቃ አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም። ሽጉጥ ማለቴ ነው።

እኔ የምተዳደረው የቤት ዕቃ በማጓጓዝ ነው። የሰውን ጓዳ እስከ ውስጡ የሚያውቁት አስታማሚና ዕቃ ጫኝ ናቸውና፣ «የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነካም» የሚለኝን ሰው በትሕትና አዳምጬ አልፈዋለሁ። በነዳጅ ማደያ ሌሊቱን የሚያነጋው፣ የመጠጥ መደብር ያለው፣ በታጣቂ ጥበቃነት የሚሠራው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ መተኮስ የሚወደው ወጣት፣ ሁሉም አላቸው። አብዛኞቹ ፈቃድ ካለው ነጋዴ የገዙ፣ የወንጀል ማጣሪያውን ያለፉ፣ ደረሰኛቸውን ያስቀመጡ ጨዋ ሰዎች ናቸው። የምጽፈው ስለ እነሱ ነው። ስለ ወሮበላ ሌላው ይጻፍ።

የእነዚህ ሰዎች ችግር የሚጀምረው ወንዙን ሲሻገሩ ነው። ቨርጂኒያ ተራ ሽጉጥ ይመዝገብ አትልም። ሜሪላንድ ግን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ፣ ለመኖር የመጣ ሰው ነዋሪ በሆነ በ90 ቀናት ውስጥ ሽጉጦቹንና ሕጉ ልዩ ቁጥጥር የሚያደርግባቸውን መሣሪያዎች በግዛቲቱ ፖሊስ ዘንድ እንዲያስመዘግብ ታስገድዳለች። ክፍያው 15 ዶላር ነው፤ መሣሪያው አንድም ይሁን አምስት ያው ነው። ተራ የአደን ጠመንጃ በዚህ ግዴታ ውስጥ አይገባም። የክላሽ ዘር የሆኑትን ግን ማስመዝገብ ብሎ ነገር የለም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ግዛቲቱ ማስገባቱ ራሱ ክልክል ነው። ክልከላውን ለማሻር የተጀመረው ክርክር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በጁን 2025 ጉዳዩን አላይም ብሎ መልሶታል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ሰው ጓዙን ሳይጭን እዚያው ቨርጂኒያ ለሕጋዊ ነጋዴ ሸጦ ቢገላገል ይሻለዋል።

ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ናት። ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዋ ሽጉጥ በቤቱ እንዳይይዝ ከልክላ ኖራለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ክልከላውን ሲሽር ብዙ ሰው «ዲሲም ተፈታች» ብሎ ደመደመ። አልተፈታችም፤ የወደቀው ክልከላው ነው፣ ምዝገባው እንዳለ ቆሟል። መሣሪያ ይዞ የገባ ነዋሪ በ48 ሰዓት ውስጥ ለከተማዋ ፖሊስ ማሳወቅና ምዝገባ መጀመር አለበት። ያልተመዘገበ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል። የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው ጥይት ብቻውን ይዞ ቢገኝም ጥፋት ነው። ከተኩስ ልምምድ በኋላ በጃኬት ኪስ ተረስታ የቀረች አንዲት ፍሬም ጥይት ናት።

የአካባቢያችንን መልክዓ ምድር አስቡት። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ የሚሻገር መኪና፣ መሃል ላይ ለአጭር ርቀት የዲሲን ክልል ይነካል። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ ደንበኞች አሉኝ፤ ካርታውን ስልካቸው ላይ ከፍተው ሲያዩ ሳቁ ይቀራል። እርግጥ የፌደራሉ መንግሥት በ1986 ያወጣው ሕግ መንገደኛውን ይጠብቀዋል፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። መሣሪያው በሚነሳበትም በሚደርስበትም ቦታ ሕጋዊ መሆን፣ ጥይት ያልጎረሰ መሆን፣ መሣሪያውም ጥይቱም ተሳፋሪው እጁን ዘርግቶ ከማይደርስበት ቦታ መሆን አለባቸው። መኪናው የተለየ የዕቃ መጫኛ ከሌለው በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ ግድ ነው፤ ከፊት ወንበር ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ መሳቢያና በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ኪስ እንደ ሣጥን አይቆጠሩም። አብዛኛው ሰው የሚያስቀምጠው ደግሞ እነዚያው ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚዛወር ቤተሰብ ዕቃ ልጭን አሌክሳንድሪያ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ጎልማሳ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ሶፋውን አውጥተን ስንመለስ ወደ ወጥ ቤት ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ያቺ የልብስ ሣጥን ውስጥ አንድ ነገር አለች፤ በእርስዎ መኪና ብትሄድልኝ» አለኝ። ሣጥኑን ከፈተው። ከላይ የሚስቱ ቀሚሶች፣ ከሥር በጋቢ የተጠቀለለ ሽጉጥ።

«ሕጋዊ ናት፤ ደረሰኝ አላት» አለኝ።

«ደረሰኙ የገዛህበትን እንጂ የምትሄድበትን አያውቅም» አልኩት። የሌላ ሰው መሣሪያ በመኪናዬ እንደማልጭንም ነገርኩት። ጥይትማ የትኛውም ደህና አጓጓዥ አይቀበልም።

የጥይት ካዝናውን ከሽጉጡ አወጣ፤ አቀባብሎ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይኑም በጣቱም አረጋገጠ። መለያ ቁጥሩን ጽፎ እንዲይዝ ነገርኩት፤ መመዝገቢያው ቅጽ ከሥሪቱ፣ ከሞዴሉና ከጥይቱ መጠን ጋር ይጠይቀዋልና። ቁጥሩ ያለው ከአፈሙዙ በታች በምትገኝ የጥፍር ስፋት ባላት ብረት ላይ ነው። በስልኩ መብራት አዘንብሎ እያየ «ይሄ ስምንት ነው ወይስ ቢ?» እያለ ከልጁ የትምህርት ቤት ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጻፈው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በስህተት የተሞላ አንድ ቁጥር ግን የሌላ ሰው መሣሪያ ያስመስልበታል።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። «እስክንረጋጋ ዲሲ ያለው አማቼ ቤት ትቆይ ይሆን?» አለኝ። ከዚህ የከፋ ሐሳብ አልነበረም። በሁለት ግዛት በሚኖሩ ሰዎች መካከል መሣሪያ እንዲህ በእጅ አይተላለፍም፤ የፌደራሉ ሕግ፣ ከውርስና ለስፖርት ከሚሰጥ ጊዜያዊ ውሰት በቀር፣ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል እለፉ ይላል። ያ ምስኪን አማችም ምንም ሳያውቅ ያልተመዘገበ መሣሪያ ባለቤት ሊሆን ነበር። በእኛ ዘንድ አደራ መቀበል ክብር ስለሆነ ሰው «እምቢ» ማለት ያፍራል። እንዲህ ያለውን አደራ ግን እምቢ በሉ።

ሰውየው በመጨረሻ ቁልፍ ያለው ሣጥን ገዝቶ፣ ጥይቱን ለይቶ፣ በራሱ መኪና የኋላ መጫኛ ወሰደው። የመመዝገቢያውን ቅጽም በጊዜው ሞልቷል። ምንም ጉድ አልተፈጠረም። ያናደደኝ ግን፣ የቢሮ ሥራ ያለው፣ ግብሩን በጊዜው የሚከፍል ሰው ይህን ሁሉ የሰማው ከዕቃ ጫኝ መሆኑ ነው።

ነገሩ ለእኛ ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያትም አለ። ዜጋ የሆነ ሰው ባለማስመዝገብ ቢከሰስ መቀጮና እስራት ያሰጋዋል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ግን ሌላም ይጠብቀዋል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሣሪያን ከሕግ ውጭ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመያዝ ወይም በመጠቀም ከተፈረደበት ይህ ከአገር ሊያስወጣው የሚችል ምክንያት ነው ይላል። ልጆቹን እዚህ ወልዶ ያሳደገ ሰው፣ ጠበቃው «ትንሽ ጥፋት ናት፣ አምነህ ጨርሳት» ስላለው ብቻ ወረቀት ላይ ፈርሞ መዘዙ በኋላ ሊመጣበት ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ተከሳሽ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያማክር አንዲት ቃል እንዳያምን። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ የአደን ፈቃድን ከመሳሰሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ መያዝ ከነጭራሹ አይፈቀድለትም። ይህን የማያውቁ ተማሪዎች አጋጥመውኛል።

ማስመዝገብ የሚፈሩትንም አውቃቸዋለሁ። አንድ አዛውንት ደንበኛዬ፣ «ስም መዝግቦ ያልገፈፈ መንግሥት አሳየኝ» ብለውኛል። እኚህ ሰው በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳው ሲካሄድ ወጣት ነበሩ። ወታደር የአባታቸውን ቤት ኮርኒስ ሲያፈርስ አይተዋል። እሳቸውን «ፈሪ» ብዬ ልሳለቅባቸው አልችልም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህንኑ ይፈራሉ፤ ኮንግረሱ በ1986 የፌደራሉ መንግሥት ብሔራዊ የመሣሪያ መዝገብ እንዳያቋቁም ከልክሏል፤ ፍሎሪዳማ የመሣሪያ ባለቤቶችን ዝርዝር ማዘጋጀትን በሕግ አግዳለች። ስለዚህ መዝገብ የማይፈልግ ሰው መዝገብ ከሌለበት ግዛት ሊኖር፣ አለዚያም ከመዛወሩ በፊት ሊሸጥ መብቱ ነው። ሜሪላንድ ገብቶ ዝም ማለት ግን ሦስተኛ ምርጫ አይደለም። በሌላ ጉዳይ ቤቱ ፖሊስ የገባ ቀን፣ ለሌባ እንኳ ቢሆን ራሱ ደውሎ የጠራው ፖሊስ፣ ነገሩ ይወጣል።

ሌላው በሽታችን የዘመድ ምክር ነው። ዳላስ ያለው ወንድም «እኔ አሥር ዓመት ይዤ ማንም አልጠየቀኝም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ቴክሳስ አትመዘግብም። ላስ ቬጋስ የኖረችው እኅት «ፖሊስ ጣቢያ ወስደሽ ሰማያዊ ካርድ ታወጫለሽ» ትላለች፤ ያ ደግሞ በ2015 የተሻረ ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ የሚገባ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ለግዛቲቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ማሳወቅና 19 ዶላር መክፈል አለበት። ሃዋይ የምትሰጠው አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ኒው ጀርሲ 60። ሁሉም ዘመድ ለራሱ አገር ልክ ነው።

መንግሥትንም ሳልወቅስ አላልፍም። ሜሪላንድ የገባ ሰው በ60 ቀን ውስጥ መንጃ ፈቃዱን መቀየርና መኪናውን ማስመዝገብ ስላለበት፣ ወደደም ጠላም አንድ መስኮት ፊት ይቆማል። እኔ ራሴ በቆምኩበት መስኮት ስለ መኪናዬ ፍሬን ምርመራ፣ ስለ ዓይኔ፣ ስለ አካል ክፍል ልገሳ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። «ሽጉጥ ካለዎት 90 ቀን አለዎት» የሚል አንድ መስመር በዚያው ወረቀት ግርጌ ቢታተም ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? ይህን ለማለት የመሣሪያ ደጋፊም ተቃዋሚም መሆን አያስፈልግም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው ማስተናገድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሜሪላንድ ያለው የእኛ ሰው ያችን አንድ መስመር በአማርኛ ቢጠይቅ ብርቅ አይሆንም። የምክር ቤት እጩዎች ድምፃችንን ፍለጋ ሬስቶራንቶቻችን ውስጥ ክትፎ ሲበሉ አያለሁ። አንዱ ጥያቄ ይህ ይሁን።

እናንተ ግን መንግሥትን መጠበቅ የለባችሁም። የመሣሪያ ነገር ነውር መስሏችሁ ወይም አንባቢ ይቀየማል ብላችሁ ዝም ካላችሁ፣ የሚቀየመው አንባቢ ፍርድ ቤት ቆሞ ያስታውሳችኋል። የምጠይቀው፣ በሚቀጥለው እትም አንባቢዎቻችሁ የሚኖሩባቸውን ግዛቶች ሕግ የያዘ አንድ ሠንጠረዥ እንድታወጡ ነው። የቀን ገደቡ፣ የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት፣ ፈጽሞ የማይገባው የመሣሪያ ዓይነት፣ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚያዝ። ከመታተሙ በፊት ጠበቃ ይየው፤ ሕጉ ስለሚለዋወጥም በየዓመቱ ይታደስ። እኔ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች ጽፌ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ቦታ ጠበበን ካላችሁ፣ በገጽ 14 ላይ የድርጅቴ ማስታወቂያ የሚወጣባትን ሣጥን ለአንድ እትም ውሰዷት። የወሩን ሒሳብ ከፍያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዕቃ አጓጓዥ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ