የምጸልየው ሳይገባኝ ስፈራ ኖርኩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ጭንቀት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው «ጸልዩ፣ ፍርሃቱ ይለቃችኋል» ብለው አልፈዋል። እውነት ነው። ግን ጎደለብኝ። እኔ ለዓመታት ስጸልይ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በጅቡቲ መስመር ይሠራል። በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። ሌሊት ስልክ ሲጠራ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ከሆነማ ጭራሽ አላነሳውም፤ ከዚያ ደግሞ «ምን ሊሉኝ ይሆን የደወሉት?» እያልኩ እስኪነጋ አልጋው ላይ ቁጭ። ዜና ላይ የመኪና አደጋ ሲነገር ድምፁን እዘጋለሁ። ልጆቼ ሳይቀሩ አወቁብኝ።

እጸልያለሁ እኮ! «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» የሚለውን የዳዊት መዝሙር አያቴ በቃሌ አስጠንተውኛል፤ እሱን ሳልደግም ተኝቼ አላውቅም። ትንሿ ዳዊቴ ትራሴ ሥር ናት፣ ጠርዟ አልቋል። ግን የግእዙን ትርጉም አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አንድ ቃል ከዘለልኩ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ዘልዬ ከተኛሁ ባለቤቴን መንገድ ላይ አንድ ነገር የሚያገኘው ይመስለኛል። ጸሎቱ ራሱ ሌላ ፍርሃት ሆነብኝ።

በዚህ መሀል አንዲት ጎረቤቴ አዝናልኝ «የሚያይ ሰው አለ» ብላ ወሰደችኝ። ሰውየው ገና ሳልቀመጥ «መንገድ ላይ ደም ይታየኛል» አለኝ። ዘይት ሸጠልኝና ለሳምንት ቀጠረኝ። ከአስቤዛ ቀንሼ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሄድኩ ቁጥር ፍርሃቴ ባሰ። የተጨነቀን ሰው ይበልጥ እያስፈራሩ ገንዘቡን መብላት ትልቅ ኃጢአት ነው፤ ይህን ደፍሬ እናገራለሁ።

በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «እስኪ ዘየኀድርን ድገሚልኝ» አሉኝ። ሳልተነፍስ ደገምኩላቸው። «ጎበዝ። ምን ይላል?» ሲሉኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አነበቡልኝ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ፣ ያ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው ያ ሁሉ ሥልጣን እያለው አላፈረም፤ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ታሪኩን ስንቴ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ። ለካስ ስለ እኔም ነው።

መዝሙሩን በአማርኛ አብረን አነበብነው፤ በግእዙ ቁጥር 90 ነው፣ 91 የሚሉትም መጽሐፍ ቅዱሶች አሉ። «ግርማ ሌሊት» የሚለውን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ! የሌሊት ማስፈራት ማለት ነው ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ያ እኔ ቁጭ ብዬ የማነጋው ሌሊት ለካ መዝሙሩ ውስጥ ነበር። ወረድ ብሎ ደግሞ «በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ» ይላል። መከራ የሚባል ነገር የለም አላለም፤ ብቻህን አልተውህም ነው ያለው። አባታችን አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ሰይጣን ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰለት ይህንኑ መዝሙር ነው፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ላይ አለ። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። እኔም ሳላውቀው መዝሙሩን እንደ ዋስትና ወረቀት ይዤ እግዚአብሔርን ስፈታተን ነበር።

«የፈራ ሰው እምነት የለውም» የሚሉ ሰዎችም እባካችሁ ተዉ። ጌታችን በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል፤ ያንኑ ቃል እየደጋገመ ሦስት ጊዜ ጸልዮአል።

አሁን ጥቂት ነው የምደግመው፣ ግን እየገባኝ። ቃል ብዘልም ከመጀመሪያው አልጀምርም። መጀመሪያ «ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ» እለዋለሁ፤ ከዚያ የባለቤቴን ስም እጠራለሁ። ጨርሶ አልፈራም አልልም፤ እንቅልፍ ግን እተኛለሁ። (እንቅልፍም ምግብም እንቢ ካለሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ጸሎቱ አይከለክልሽም ያሉኝም እሳቸው ናቸው።) ባለፈው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አማተብኩና አነሳሁት። «ሚሌ ከተማ ነኝ፣ የኔ ስልክ ባትሪ ዘግቶ በጓደኛዬ ነው» አለኝ ባለቤቴ።

አባቶቻችን አንድምታውን፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ፣ በአማርኛ ያቆዩልን ሕዝቡ እንዲገባው ነው። ታዲያ ለምን መጽሐፍ ቤት፣ ትርጓሜ የሚማሩበት ጉባኤ፣ ብቻ ይቀመጣል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ መዝሙር፣ እንደኔ በቃላቸው ለሚደግሙ እናቶች። ይህን የደብር ሰንበት ትምህርት ቤቶች ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም። እናንተም በየሳምንቱ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ለቃችሁ የአንድ መዝሙር ትርጉም ከሊቃውንቱ ጠይቃችሁ ብታወጡልን ምን አለበት? እኔ በመቀስ እየቆረጥኩ ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ