ስለ ታናሿ ላማክርሽ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ በድንገት ስጽፍልሽ «ይህችስ ብድር ፈልጋ ነው» ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ የበፊቱንም ገና አልመለስኩልሽም። የእናትሽን ለቅሶ በስልክ ብቻ መድረሴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ይቅር በዪኝ፤ የቀረውን ፊት ለፊት ትወቅሺኛለሽ። አሁን የጨነቀኝ የታናሿ እህቴ ነገር ነው።

ከቤይሩት ከተመለሰች ወዲህ እንደምትጠጣ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያ ማታ ማታ አንድ መለኪያ አረቄ ነበር፤ ዛሬ በውኃ ጠርሙስ እየቀዳች ከአልጋዋ ሥር ትደብቃለች፣ ጠዋትም ቡና ስትቀዳ እጇ ይንቀጠቀጣል። ይህን ለአንቺ ብቻ ልናገር፤ ባለፈው ወር በጎረቤት ፊት «ሰካራም» ብዬ ሰደብኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ሌሊት ግን መጥታ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ የአሠሪዋ ወንድም ሰው ሲተኛ በሯን ይከፍት እንደነበር፣ ፓስፖርቷ በእመቤቲቱ እጅ ስለነበር መሄጃ እንዳልነበራት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ በገንዘብ ቀውስ ስትናጥም ደመወዟን ሳይከፍሏት እንደ ብዙዎቹ ልጆች ከቆንስላው ደጃፍ ጥለዋት እንደሄዱ ነገረችኝ። «አረቄው የበሩን ድምፅ ያጠፋልኛል» አለች። ዳሩ ግን እንቅልፉ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይከዳታል፤ ላብ አጥምቋት ትነቃለች፣ እንደገናም ትቀዳለች።

አማኑኤል ሆስፒታል ትሠሪ በነበረበት ጊዜ «ድንጋጤውን ትቶ መጠጡን ብቻ ማከም አይሆንም» እያልሽ ስትሟገቺ፣ እኔ ስብከት ይመስለኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጥናት ይዘሽ፣ ቡታጅራ አካባቢ ትዳር ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በዚያው ሰው እጅ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ስትነግሪኝም «ቁጥር አበዛሽብኝ» ብዬ አሾፍኩብሽ። የእኔና የእህቴ እናት ከዱላው ማግሥት «ለብርዱ» እያለች የምትጎነጨውን ካቲካላ ግን አንቺም እኔም እናውቀው ነበር፤ ብርዱ የሚመጣው ሁልጊዜ አባባ በመታት ማግሥት ነበር።

ጠርሙሱን ልደፋው ተነሥቼ ነበር። የጤና ጣቢያው ሐኪም ግን መጠጥ የለመደ ሰውነት በአንድ ቀን ከተቋረጠበት ሊንዘፈዘፍ፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ እንደሚችል ነግሮ አስቆመኝ፤ በክትትል ቀስ እያለ ይቀነስላት፣ ተኝታ ትታከም አለ። እሷ ደግሞ «ቁልፉ በወንድ እጅ ባለ ክፍል አልተኛም» ብላ እምቢ አለች። ሰው ይህን ግትርነት ይለዋል፤ እኔ ግን ከእሷ ሌሎች ንግግሮች ሁሉ ይህ ጤናማ ሆኖ አገኘሁት።

ስለዚህ፣ እንዴት ብዬ እንደምለምንሽ ባላውቅም፣ ሴቶች የሚያስተኙበትና መጠጡንም ያንን ሌሊትም አንድ ላይ የሚያክሙበት ቦታ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ። ወይም አንቺው ሁለት ቀን መጥተሽ አነጋግሪያት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእኔ ይልቅ አንቺን ትሰማለች፣ በዚህም እቀናብሽ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ስለምሆን ያኔ ደውዪልኝ። ብድሩንም አልረሳሁትም።

የማታፍረው ጓደኛሽ